የሟቾቹ ኮት

ሸዋነሽ የወንድሟን ሞት የሰማችው ፎቶ ሊያሳድግ ከመጣ ሰው ነው። ሰውየው መርዶ እያረዳት መሆኑን አያውቅም ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ የፎገራ ሜዳ ውሃው ሸሽቶ ሩዙ መብሰል ሲጀምር፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ሰውየው ይሁኔ ይባላል፤ ከቁሐር ሚካኤል የመጣ ገበሬ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የማሳ ጭቃ ቅልጥሙ ላይ ደርቆ፣ ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሱቅ ደጃፍ ቆመና ከበሩ በላይ የተጻፈውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። «ማህደር የኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ይላል። ማህደር የሸዋነሽ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ሱቁ ሲከፈት ገና ትድህ ስለነበር ስሟን ለሱቁ ሰጡት።

«ተመስገን፣ የማህደር ቤት ይኸው» አለ ይሁኔ ለራሱ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ። «እንደምን አደርሽ እመቤት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልሥራልህ?»

«ፎቶ ታሳድጊያለሽ አሉኝ። ለተዝካር ነው፤ ድግሱ የፊታችን እሑድ ነው።»

«ነፍስ ይማር። የትኛውን መጠን?» አለችና ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን አሳየችው።

«ትልቁን። ከዳሱ ምሰሶ ላይ ሲሰቀል ከሩቅ የሚለየውን። ኮትም ይልበስ ብለዋል ዘመዶቹ። እዚህ ከተማ ሟች ኮት ይለብሳል ሲባል ሰምተው።»

ሸዋነሽ ፈገግ አለች። «ይለብሳል። ከረባትም አለው።»

«እንግዲያ ጎሽ! እኔማ እየፈራሁ ነው የመጣሁ። ሸዋነሽ ከምትባል ሴት ቤት እንዳትገባ ብለው አስጠንቅቀውኛል። ለቀየው እንግዳ ነኝ፤ አምና ነው በሚስቴ አገር የገባሁ፤ ሴትዮዋን በመልክ አላውቃት። ደግነቱ ፊደል ቆጥሬአለሁ። በርሽ ላይ ማህደር የሚለውን አይቼ ነው ልቤ የረጋ።»

የሸዋነሽ እጅ የኮምፒዩተሩ መክፈቻ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሸዋነሽ ምን አድርጋ ነው የምትፈራ?»

«እህቱ ናት የሟቹ። አራስ ናት አሉ፤ አልተረዳችም። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎች መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ ጭምጭምታ ብትሰማ ጡቷ ይደርቃል ብለው እናትየዋ አገሩን ሁሉ አስምለዋል።» ይህን እያለ ከደረት ኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፈታ። ከመሐረቡ ውስጥ የቀበሌ መታወቂያ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

ወንድሟ ደረሰ ነው። ጋቢውን እስከ አገጩ ለብሶ፣ ፎቶ አንሺው «አትሳቅ» ሲለው እንደሚያደርገው ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ፣ የማኅተሙ ግማሽ ቀኝ ትከሻው ላይ አርፎ።

ሸዋነሽ አልጮኸችም። ልጇ ከእግሯ ሥር፣ የወረቀት ካርቶን ውስጥ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ለመጮህ አፏን ከፍታ ነበር። ግን ለቅሶው ከመውጣቱ በፊት ሌላ ነገር ቀደመው፤ የእናቷ እልልታ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ስትወልድ የሰማችው እልልታ ነው። አፏን መልሳ ዘጋች።

«በምን ሞተ?» አለች። ድምፅዋ ደንበኛ የምታስተናግድበት ድምፅ ነበር።

«ትኩሳት ነው። ነሐሴ ላይ፣ ሩዝ ስናርም ነው የጀመረው። ሲጠናበት በቃሬዛ አወጣነው፤ እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። ሜዳውን ውሃ ሞልቶታል፤ እስከ ወገባችን እየገባን አስፋልቱ ላይ አደረስነው። ከዚያማ ወደ ጤና ጣቢያው ቀጥ ያለ መንገድ ነበር። ግን መንገዱ በእህቱ ደጅ ነው አሉ። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት፣ አይታ ትደነግጣለች ተባለና በጓሮ፣ በጭቃው ዞርን። ኧረ እሱ ጭቃ! አንድ እግር ሲወጣ አንዱ ይሰምጣል።»

«እሱ ነፍሱን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር እንጂ። ስንዞር ቀና ብሎ አየና ‹የት ነው የምትወስዱኝ? የሸዋዬ ቤት በዚህ አይደለም› አለ። ልጅ እንደሚያባብሉት አባበልነው። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ጤና ጣቢያው ስንደርስ እስትንፋሱ የለችም።» ይሁኔ ራሱን ነቀነቀ። «ደግ ሰው ነበር። አንቺ፣ ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። ነገ ከሰዓት ና።»

«ማን ልበል ስምሽን?»

«የማህደር እናት በለኝ» አለች።

*

ሸዋነሽ ቁሐር ሚካኤል ነው የተወለደችው። ኢሕአዴግ የገባ ዓመት አንደኛ ክፍል ገባች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደረሰም ገብቶ ነበር፤ ግን አባታቸው ከሁለት አንዱ ከከብቱ ጋር ይዋል ሲሉ ደረሰ ደብተሩን ለእሷ ሰጥቶ በትሩን አነሳ። ማንም አላስገደደውም። «እኔ ፊደሉ ሁሉ ግልገል ነው የሚመስለኝ፣ እየሮጠ ያመልጠኛል» ይል ነበር ሲጠየቅ። እንዲያው ለመሳቂያ ያለው ነው እንጂ ከእሷ ይልቅ ቶሎ ነበር ያነበበው።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር ባሕር ዳር ወርዳ የመኪና ጽሕፈት ተማረች። ተመልሳም ወረታ ላይ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር፣ አንድ የጽሕፈት መኪና በጉልበቷ አድርጋ ለገበሬ ማመልከቻ ትጽፍ ጀመር። ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት የመጣው አማረ ያያት እዚያ ዋርካ ሥር ነው። ከተጋቡ በኋላ ሱቋን ከፈቱ።

ፎቶ ኮፒ ማሽኑ የመጣ ቀን እስከ ዛሬ በወረታ ይወራል። ክረምት ነበር። የባሕር ዳሩ አይሱዙ ማሽኑን አስፋልቱ ዳር ጥሎት ሄደ፤ ወደ ሱቁ የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ሆኖ ጋሪ አልገባ አለ። ደረሰ ተላከበት። ሦስት ጎረምሳ አስከትሎ፣ የበሽተኛ ቃሬዛ ተሸክሞ ከቀየው መጣ። ማሽኑን ቃሬዛው ላይ አጋደሙትና ዝናብ እንዳይነካው ጋቢ አለበሱት። አላፊ አግዳሚው ባርኔጣውን እያወለቀ «እግዜር ይማረው!» ሲል ደረሰ ከፊት ሆኖ «አሜን! ወረቀት በልቶ ነው፤ ሆዱን ነፍቶት!» ይላል። አንዲት ባልቴት እስከ ሱቁ ድረስ እያለቀሱ ተከትለው መጥተው ጋቢው ሲገለጥ ረገሙት። ረግመው ሲያበቁም ራሳቸው በሳቅ ወደቁ።

የኮቱ ነገር የመጣው ቆይቶ ነው። የፎገራ ገበሬ በዕድሜው አንድ ፎቶ ቢነሳ ለመታወቂያ ነው። ሲሞት ቤተሰቡ ያንኑ ይዞ ይመጣል። ይርገዱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት የጀመረችው። የባሏ ፎቶ አድጎ ሲወጣ የሸሚዙ ክሳድ መቀደዱ ታየ። «በቁሙ ያልለበሰውን አሁን አልብሽልኝ፣ እህቴ። ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ አይቁምብኝ» ብላ አለቀሰች። ሸዋነሽ አሰበችና አማረ ከኮሌጅ ሲመረቅ የተነሳውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባች። ራሱን ቆርጣ ጣለች፤ ኮቱና ከረባቱ ቀሩ። የይርገዱን ባል ራስ ከላይ ገጠመችበት። ትንሽ አንገቱ ጠመም አለ እንጂ አማረበት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመው! ከሐሙሲት ሳይቀር መጡ። ተዝካር ባለበት ሁሉ የአማረ ኮት ከዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ራሱ ብቻ ይለያያል። አማረ «በዚህ ወረዳ እንደኔ ደጋግሞ የሞተ የለም» እያለ ይቀልድ ነበር። ደረሰ ደግሞ ሩዝ ሊያስፈትግ ከተማ በመጣ ቁጥር ሱቁ ገብቶ ካርቶን ላይ ይቀመጥና ግድግዳውን አይቶ ይስቃል። «እትዬ፣ እኔ ስሞት አደራ ይህን ኮት እንዳታለብሽኝ። ቅዱስ ሚካኤል አማረ መስየው ይመልሰኛል።»

*

እንግዲህ ሸዋነሽ ያን ሐሙስ መታወቂያውን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ያለፉትን ቀናት ሁሉ እየመለሰች አየቻቸው። አንድም ሳይዋሽ ያለፈ ሰው አጣች።

ደረሰ በተቀበረ በሳምንቱ ነው የወለደችው። እናቷ ይታይሽ የዚያን ዕለት ከቀየው መጡ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ቀሚሱ ሰፋቸው፤ አሁን ስታስበው የጎረቤት ቀሚስ ነው። ወንድ ልጅ መሆኑ ሲነገራቸው ከደጅ ቆመው ሰባት ጊዜ እልል አሉ፤ አንዱንም አላጎደሉ። ሊስሟት ጎንበስ ሲሉ ሻሻቸው ሸርተት አለና ራሳቸው ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ አየች። «ምን ሆነሽ ነው እማ?» አለች። «ራሴን እያመመኝ፤ መላጨቱ ይሻልሻል ብለውኝ» አሉና ሻሻቸውን አጠበቁ። ገንፎውንም በእጃቸው አጎረሷት።

ደረሰ የት አለ ስትል ሁመራ ሄደ አሏት፣ ሰሊጥ አጨዳ። ከመቼ ወዲህ ሩዙን ጥሎ ሰሊጥ አጫጅ ሆነ ብትል፣ የዘንድሮ ወጣት አያርፍም አሏት። አመነች። አምና ተቆጣች። በክርስትናው ዕለት ቤት ሙሉ እንግዳ ፊት ተነስታ «ከእህቱ ልጅ ሰሊጥ የበለጠበት ሰው ወንድም አይባልም! ሲመለስ ደጄን እንዳይረግጥ ንገሩልኝ» አለች። እንግዳው ሁሉ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ቀብሩ ላይ ያልነበረ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። እናቷ ከጥግ ሆነው «ልክ ነሽ ልጄ» አሉ።

«ልክ ነሽ ልጄ!» አለች ሸዋነሽ ብቻዋን ሱቁ ውስጥ፣ የእናቷን ድምፅ አስመስላ። ልጁ ነቃ። አነሳችና አጠባችው። ወተቱ መጣ። ልጁ እየተንገበገበ ጠባ፤ ጠግቦም ጡቱን ለቆ አዛጋ።

ይሄ ከሁሉ ይበልጥ አናደዳት።

ማታ እራት ላይ አማረን አየችው። ጥሩ ባል ነው፤ ልጅ አቅፎ ምጣድ የሚያወርድ ባል ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ዋሽቷት አያውቅም፤ ወይም አያውቅም ብላ ታስብ ነበር።

«ከደረሰ ወሬ አለ?» አለችው።

«ሁመራ ኔትወርክ ያስቸግራል» አለ አማረ ወጡን እያየ።

«ሲመለስ ምን እንበለው? እንቀየመው ወይስ እንተወው?»

«ተይው ሸዋ። ወንድም ነው።»

«ነው?»

«ነው እንጂ።»

እንጀራውን ጠቅልላ አጎረሰችው። ሲያኝክ ዓይን ዓይኑን አየችው። ብድግ ብሎ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። ያን ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

*

ያን ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። ዓርብ ጠዋት የወረታ ፈረቃ ደርሶ መብራት ሲመጣ ሱቁን ከውስጥ ቆልፋ ፎቶውን መሥራት ጀመረች።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው ማኅተሙን ማጥፋት ነው። የሟቹ ትከሻ ላይ ያረፈውን ሐምራዊ ቀለም ነጥብ በነጥብ ታጸዳለች፤ ሟቹ ከቀበሌ ነፃ ይወጣል፤ ከዚያ ኮቱ ይመጣል። የደረሰን ትከሻ አጉልታ አየችው። ማኅተሙን ተወችው። ኮቱን ከነበረበት አወጣችና አጠገቡ አስቀመጠችው። የአማረ ኮት፣ ያለ ራስ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ስንቱን ሟች በዚህ ኮት አስውባ ለዘመድ አስረክባለች! ዘመድም እያለቀሰ መርቋት ሄዷል። አሁን ስታየው የውሸት ልብስ ነው። እናቷ ለብሰውት የመጡት ነጭ ቀሚስ ነው።

ኮቱን አጠፋችው። ማሽኑ «በእርግጥ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ይጥፋ አለች።

ደረሰን በጋቢው፣ በማኅተሙ፣ በተጣበቀ ከንፈሩ አተመችው። ከሰዓት በኋላ ይሁኔ ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርጋ «መብራት ጠፍቶ አልደረሰም። ነገ በጠዋት ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል፤ አንተ አትልፋ» አለችው። መብራት ከራሱ በላይ እየበራ ነበር። ይሁኔ አምፖሉን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ ከእግሯ ሥር ያለውን ካርቶን አየ። ልጁ እጁን ከፎጣው አውጥቶ ያወዛውዛል።

«እመቤቴ ማርያም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ነሽ?»

«ሂድ» አለችው። «አንተ ምንም አላጠፋህም። ከሁሉም አንተ ብቻ ነህ እውነቱን የነገርከኝ። ለማንም አትናገር።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መጡ። መርዶ እንደዚያ ነው፤ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ወሬ ሳይቀድም፣ ተሰብስበው መጥተው በር ያንኳኳሉ። እነዚህ ግን ማንኳኳት አላስፈለጋቸውም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሸዋነሽ ጥቁር ለብሳ መሐል ቤት ቆማለች። አጠገቧ ወንበር ላይ ደረሰ ተቀምጧል፤ ጋቢውን ለብሶ፣ ማኅተሙን ተሸክሞ። አማረ ልጁን አቅፎ ግድግዳ ተደግፏል። ከሌሊቱ ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችውም።

አጎቷ አያ ባየህ ከፊት ነበሩ። «ሸዋነሽ ልጄ፣ ሰው የሆነ ሁሉ እንግዲህ…» ብለው ጀመሩ።

«ይቀመጡ አያ። ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች። «ዛሬ የማረዳ እኔ ነኝ።»

ተቀመጡ። እናቷ በሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዛሬ የራሳቸውን ጥቁር ለብሰዋል፤ ልክክ ብሏቸዋል።

«ወንድሜ ደረሰ ሞቷል» አለች ሸዋነሽ። «ሁመራ አልሄደም። ሰሊጥ አላጨደም። ነሐሴ ላይ ሞቶ ቁሐር ሚካኤል ተቀብሯል። ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙ።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ እናቷ።

«ማን ነገረሽ? እማ፣ የምትጠይቂኝ ይህን ነው? ማን ዋሸሽ በይኝ እንጂ! እሱን ብቆጥር ይሻላል።»

«ተይ ልጄ፣ እናት ናት…» አሉ አያ ባየህ።

«አውቃለሁ ለምን እንደሆነ» አለች። «ጡቴ እንዳይደርቅ ነው። ሰማሁት። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ አውቄአለሁ። አማረ፣ አምጣው ልጁን።» ተቀበለችና ሁሉም ፊት ጡቷን አውጥታ አጎረሰችው። ልጁ ጠባ። ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማል። «ደረቀ?» አለች። «እዩት እንጂ! ደረቀ?»

ማንም ቀና ብሎ አላየም። እናቷ ግን አዩ። አይተውም ተናገሩ።

«አባትሽ የሞተ ጊዜ አራስ ነበርሽ። ይነገራት ተብሎ ተነገረሽ። ልጅቷን በወሩ ቀበርናት። ያኔ ጡትሽ ድንጋይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ በጨርቅ ስተኩስልሽ ያደርሁ እኔ ነኝ። ሕፃኗ በእጄ ላይ ነው የጠወለገች። እሱን አየሁ። ያየሁትን ደግሜ አላይም ብዬ ነው።»

ማህደርን ተከትላ የመጣችው፣ ስም እንኳ ያልጸናባት ልጅ፣ በዚያ ቤት ከተጠራች ዓመታት አልፈዋል።

ሸዋነሽ ልጁን ወደ ትከሻዋ አነሳችው። ቀጥሎ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ቁጣው ግን አልወረደም።

«መደበቃችሁ ይሁን። እሺ። ግን በጭቃ ያዞራችሁት ለምንድን ነው? አስፋልቱ ላይ አድርሳችሁት፣ ጤና ጣቢያው እየታየ! ‹የሸዋዬ ቤት በዚህ አይደለም› ብሎ ነበር። አያ፣ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቼ ነበር» አሉ አያ ባየህ።

«እና?»

«አንቺን ለማዳን ነው፣ ልጄ።»

«እሱንስ?»

አያ ባየህ መቋሚያቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ።

«በሌላ ሰው አትምጪ» አሉ እናቷ። «ዙሩ ያልኋቸው እኔ ነኝ። እነሱ በቀጥታው እንሂድ ብለው ነበር። ቃሬዛውን ይዤ፣ በልጄ ደጅ አታሳልፉትም ያልሁ እኔ ነኝ። ሁለቱን ልጆቼን በአንድ ቀን ላጣ አልችልም አልሁ። ይሻለዋል ብዬ ነበር። ሰው በትኩሳት አንድ ሰዓት ይቆያል ብዬ ነበር።»

ሸዋነሽ እናቷን አየቻቸው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አንቺ» እያለቻቸው ነው ያደገች፤ በዚያ ቤት እናት እንደ እኩያ ነው የምትጠራ።

«እርስዎ ነዎት?» አለች።

ይታይሽ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቀሪዎቹ ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባቸውም። ቀጥሎ ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት፤ እናትየዋም ደረታቸውን መቱ። መርዶ እንደሚሆነው ሆነ። ተረጂዋ ብቻ አላለቀሰችም።

*

እሑድ ፎቶውን ራሷ ተሸክማ ቁሐር ወረደች። ዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። «ኮቱስ?» አለ አንዱ። «ማኅተሙ እኮ ቀርቷል፤ ሳይጸዳ ነው ያወጣሽው» አለ ሌላው። ፎቶው የተሰቀለበትን ገመድ አጠበቀች። አልቃሿ ደረሰን በግጥም እያነሳች ወደ እሷ ዞራ ቦታ ለቀቀችላት፤ እህት ናትና ተራው የእሷ ነበር። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ጠበቁ። ሸዋነሽ እጇን አጣምራ ቆመች። ጥቂት ጠብቀው ሌላ ሴት ተቀበለች። «ልቧ ደነደነ» ተባለ። ሰምታለች።

ሱቁ አልተዘጋም። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ወረቀት ታባዛለች፣ መታወቂያ በላስቲክ ታሽጋለች፣ የሠርግ ጥሪ ታትማለች፣ የሟች ፎቶም ታሳድጋለች። ኮት የሚጠይቃትን ግን «የለም» ትለዋለች፤ ከለመነ «ሌላ ቤት ሂድ» ትለዋለች። ሰውም ሌላ ቤት ይሄዳል። አማረ አንድ ቀን «ኮቴን እንኳ ብትመልሺልኝ» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። አልሳቀችም። «አንተስ ቃሬዛውን ካዞሩት ጋር አልነበርህም» አለችው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ባይሆንም ይነጋገራሉ።

እናቷ በገበያ ቀን ይመጣሉ። ሱቁ ደጃፍ ወንበር ታወጣላቸዋለች። «እንደምን ዋሉ? ውሃ ላምጣልዎ? ፀሐዩ ከበደዎ?» ትላቸዋለች። ከሌላ አገር የመጡት አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ወረቀታቸውን እየጠበቁ «ልጅ አሳድገዋል እናቴ፤ እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ናት!» ይሏቸዋል። ይታይሽ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጁን ይቀበሏትና ያቅፉታል። ወፍሯል። ጥርስ አውጥቷል።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምዕራብ፣ ውሃው በማይደርስበት በኩል እንደሆነ ነግረዋታል። አልሄደችም። በክርስትናው ቀን ሰው ፊት «ደጄን እንዳይረግጥ» ያለችውን ቃልም አላነሳችም። ለደረሰ እስካሁን አላለቀሰችም።